የጆዛያ ሌጌት ቀብር

በሃግቢና በዙሪያው ባሉት መንደሮች ዘሩን መቁጠር ያማረው ሰው ሁሉ የኤኒድ ተርልቢን በር ያንኳኳ ነበር። ኤኒድ ባሏን ከቀበረችና ከሐኪም ቤቱ ጸሐፊነት ጡረታ ከወጣች ወዲህ ሥራዬ ብላ የያዘችው ይህንኑ ነው። ኮምፒዩተር ገና በየቤቱ ባልገባበት በዚያ ዘመን፣ ትንሿን መኪናዋን አስነስታ ከተማ ትወርድና መዝገብ ቤቱ ውስጥ ከማንበቢያው ማሽን ፊት ትቀመጣለች። የደብር መዝገቦችና የሕዝብ ቆጠራ ወረቀቶች የተነሱበትን ፊልም በእጇ እያዞረች፣ የማን አያት የማን እርሻ ላይ እንደተቀጠረ፣ የማን ቅድመ አያት ሳታገባ እንደወለደች ለቅማ ትመለሳለች። ለድካሟ የምትቀበለው ቢበዛ አንድ ኬክ ወይም አንድ እቅፍ አበባ ነው። እሷ የምትወደው ያገኘችውን ስትነግራቸው የሰዎቹ ፊት ሲበራ ማየት ነው። «ኤኒድ አንዴ ከያዘች አትለቅም» ሲሏት ደስ ይላታል፤ ደስታዋንም አትደብቅም።

ጎረቤቷ ዊልፍሬድ ሌጌት ግን ለብዙ ዓመት ምንም ጠይቋት አያውቅም። ዊልፍ ረጅም፣ ጎበጥ ያለ፣ ሳያገባ የሸመገለ ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሰው እርሻ ላይ ትራክተር ሲነዳ ኖሮ፣ አሁን ከቤቱ ኋላ ባለችው ጓሮ ባሮ ሽንኩርትና ባቄላ ይኮተኩታል። ወንድሙ በጦርነቱ ጊዜ ከነመርከቡ ሰጥሞ ቀርቷል። እናቱን ራሱ አስታሞ ቀብሯታል። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በሌጌቶች መቃብር የተሞላ ነው፤ ከመሬት በላይ የቀረው ሌጌት ግን እሱ ብቻ ነበር።

አንድ ዝናባማ ከሰዓት አጥሩን ተደግፎ ጠራት።

«ኤኒድ፣ ዳክዬዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ?» ዊልፍ ከቄሱ ሚስት ጀምሮ እስከ ፖስተኛዋ ድረስ ዳክዬዬ የማይላት ሴት የለችም።

«ባሮ ሽንኩርት ከሆነ በቃኝ። የባለፈውን ገና አልጨረስኩትም።»

«ሽንኩርት አይደለም።» ቆቡን አውልቆ መልሶ አጠለቀው። «እንዲያው ከእኛ ወገን የሆነ ሰው አንድ ቦታ ይኖር ይሆን? አባቴ ከድሮዎቹ ሌጌቶች አንዱ ወደ ባሕሩ ሄዶ ቀርቷል ሲል እሰማ ነበር። እውነት ይሁን ወሬ እንጃ። ለገና ካርድ የምልክለት ሰው ባገኝ ብዬ ነው።»

ይህን ሲል ዓይኑን ከሷ ላይ አንስቶ ባቄላው ላይ አደረገ። ኤኒድ ልቧ ተነካ። «ካለ አገኘዋለሁ» አለችው።

ያን ክረምት በሙሉ ፈለገች። የሃግቢ ደብር የክርስትና መዝገብ ላይ የቶማስና የአን ሌጌትን ልጆች አገኘቻቸው። የመጀመሪያው ልጅ የዊልፍ ቅድመ አያት ነው። የመጨረሻው ጆዛያ ይባላል። ከዚያ በግሪምስቢ ወደብ የሕዝብ ቆጠራ ላይ ጆዛያ ሌጌት የሚባል ዓሣ አጥማጅ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ተመዝግቦ አየች። ዕድሜው በሁለት ዓመት ይዛነፋል፤ ያ ብርቅ አይደለም፤ የዚያ ዘመን ሰው ዕድሜውን በግምት ነበር የሚናገረው። የተወለደበት ቦታ ግን አስቸገራት። የቆጣሪው እጅ ጽሑፍ የዶሮ ጭረት ነው። ሃግቢም ይሆናል፣ ሃርቢ የሚባለው ሌላ መንደርም ይሆናል። ኤኒድ መነጽሯን አውልቃ ጠርጋ፣ ሃግቢ ነው አለች።

በዚያው ምሽት ዊልፍን በአጥሩ ላይ ጠርታ «ሳላገኝልህ አልቀረሁም» አለችው። ሽማግሌው እንደ ሕፃን ሳቀ።

አንድ የቀራት ነገር ነበር። ልጅ አደገ ብሎ ከመጻፍ በፊት አለመቀበሩን ማየት የሥራው ሀሁ ነው፤ ለጀማሪዎች ይህን የምታስተምረውም ራሷ ናት። በማግስቱ የሃግቢን የቀብር መዝገብ ፊልም አስወጥታ ማዞር ጀመረች። ያ መዝገብ በአንድ ዘመን ውኃ ነክቶት ኖሮ፣ ጆዛያ በተወለደበት ዓመት ያለው ገጽ ላይ ቡናማ እድፍ ተኝቶበታል። በእድፉ ውስጥ «ጆ» የሚል ይታያል። ራቅ ብሎ «ሌጌት»። ከዚያ «ሕፃን» ይሁን ሌላ ያልለየ ቃል።

ኤኒድ አፍንጫዋ መስታወቱን እስኪነካ ድረስ ጎንበስ አለች። ጆን ሊሆን ይችላል። ጆሴፍም ይሆናል። ሌጌት እንደሆነ በዚያ ዘመን እንደ አሸን የፈላ ነው። የየደብሩ ቄስ በየዓመቱ መዝገቡን ገልብጦ ለጳጳሱ ይልክ ስለነበር፣ የጳጳሱን ግልባጭ ማየት እንደምትችል ታውቃለች። ሌላ ቀን አየዋለሁ አለች። የዊልፍ ሳቅ ገና ከጆሮዋ አልወጣም። እጇ ማዞሪያውን አዞረው፣ ገጹም አለፈ። ያ ሌላ ቀን አልመጣም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ እንደ ውኃ ፈሰሰ። የጆዛያ ልጅ፣ የልጁ ልጅ፣ እያለች ወርዳ ወርዳ ኖሪን ሌጌት ላይ ደረሰች። ኖሪን ግሪምስቢ ወደብ ላይ ዓሣ ስትበልት የኖረች፣ ሃምሳን ያለፈች ሴት ናት። አባቷን ገና ጡት ሳትጥል ባሕር በልቶታል። እናቷ ደግሞ ለወላጅ አልባ ልጆች ቤት ሰጥታት ሄዳለች። ከዚያ ወዲያ በዓለም ላይ የኔ የምትለው አንድ ሰው አልነበራትም። ኤኒድ ደብዳቤ ጻፈችላት። መልስ ሳይመጣ ሴትየዋ ራሷ መጣች፤ አጭር፣ ደልዳላ፣ እጇ በበረዶና በጨው የቀላ፣ ድምፅዋ ከመንገዱ ማዶ የሚሰማ።

«እርስዎ ነዎት የጻፉልኝ?»

«እኔ ነኝ። አንቺ በይኝ፣ እንግዲህ ቤተሰብ ነሽ።»

«ዘመድ አለሽ ነው ያልሽው? የእውነት?»

«የእውነት» አለች ኤኒድ። ይቺ ቃል ከአፏ ስትወጣ ምንም አልጎረበጣትም። በኋላ ነው የጎረበጣት።

ዊልፍ የክት ኮቱን ለብሶ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። ኖሪን በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ዘረጋችለት።

«ሃዶክ ነው፤ ዛሬ ጠዋት የገባ። ዓሣ ይወዳሉ?»

«የማን ልጅ እንደሆንሽ ባላውቅ እንኳ ሃዶክ ይዘሽ ከመጣሽ ግቢ፣ ዳክዬዬ።»

ሁለቱም ሳቁ፤ ከዚያ ሁለቱም አለቀሱ፤ ከዚያ ኖሪን ጓዳ ገብታ መጥበሻውን አየችና «ይሄን በምንድን ነው የምታጥቡት፣ በትራክተር ዘይት?» ብላ ትፈትገው ጀመር። በወሩ እርስዎ ቀርቶ አንተና አንቺ ሆኑ። መንደሩም አበደ። ፖስታ ቤት ያለችው ሴት ለገባ ለወጣው «አገጯን አይታችኋል? የሌጌት አገጭ እኮ ነው! ከደም የት ይሸሻል?» ትል ነበር። ኤኒድም ይህን ሰምታ አገጫቸውን አይታለች፤ እውነትም ተመሳሰለባት።

ኖሪን መጀመሪያ እሁድ እሁድ ትመጣ ነበር። ዊልፍ ዳሌው ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝቶ ሲወጣ ግን ሥራዋንም የተከራየችውን ክፍልም ትታ ከሱ ጋር ገባች። ታለብሰዋለች፣ ትሰድበዋለች፣ ታስቀዋለች። «የአጎቴ ልጅ» ብላ ስትጠራው ሦስት ቤት ድረስ ይሰማል።

ኤኒድ አባል የሆነችበት የዘር ሐረግ ፈላጊዎች ማኅበር በሚቀጥለው ጸደይ የጳጳሱን ግልባጮች በሙሉ ዝርዝር አውጥቶ ለማሳተም ወሰነ። እያንዳንዱ ቀብር በአንድ ካርድ ላይ ይጻፋል፣ ካርዶቹ በፊደል ተራ ይደረደራሉ። አባላቱ ደብር ደብራቸውን ሲከፋፈሉ ኤኒድ ማንም ሳይቀድማት «ሃግቢን እኔ እወስዳለሁ» አለች። ለምን እንዲህ እንደቸኮለች ራሷን አልጠየቀችም።

የግልባጩ ጽሑፍ እንደ መስታወት የጠራ ነበር። ያ የድሮ ቄስ እጁ ቆንጆ ነው። «ጆዛያ፣ የቶማስና የአን ሌጌት ልጅ፣ ሕፃን።» ክርስትና በተነሳበት ዓመት፣ ከክረምቱ በፊት ተቀብሯል።

ኤኒድ መስመሩን ደግማ አነበበችው። አልደነገጠችም፤ ይህ ነው ያሳፈራት። ሰው የሚደነግጠው ላላወቀው ነገር ነው። የዊልፍ ዘመድ ወደ ባሕር አልሄደም፤ በእቅፍ ሳለ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ገብቷል። የግሪምስቢው ዓሣ አጥማጅ ሌላ ሰው ነው፤ የሃርቢ ሰው። ኖሪን ለዊልፍ ምኑም አይደለችም።

ከዚያ በመጀመሪያው ጥፋት ላይ ሌላ ጨመረች። እስክሪብቶዋን አንስታ ከሕፃኑ በፊት ያለውን ቀብር ካርድ ላይ ጻፈች። ከሕፃኑ በኋላ ያለውንም ጻፈች። መሀል ላይ ያለውን ዘለለችው። ካርዶቹን በላስቲክ አስራ ለማኅበሩ አስረከበች፣ ሰዎቹም አመሰገኗት።

ያን ሰሞን የሚያሳዝናት ዊልፍ ብቻ አልነበረም። አን ሌጌት የምትባለው፣ ከሞተች ብዙ ዘመን ያለፋት ሴት ትመጣባት ነበር። ያቺ እናት ልጇን ቀበረች፤ ድንጋይ የሚያቆም አቅም አልነበራቸውምና ከዚያ ሕፃን በዓለም ላይ የቀረው ያቺ አንዲት መስመር ናት። ኤኒድ እሷኑ ነጠቀቻት። መጀመሪያ የሞተውን ልጅ አሳድጋ፣ ድራ፣ ዓሣ አጥማጅ አደረገችው፤ አሁን ደግሞ ሞቱን ደበቀችው።

እሁድ እሁድ እነ ዊልፍ ቤት መሄዱን ተወች። አንድ ቀን ኖሪን በፎጣ የተሸፈነ ሳህን ይዛ በኋላ በር ገባች።

«ምነው ጠፋሽ? የኔ ምግብ ነው ያስጠላሽ ወይስ የሱ ጨዋታ?»

«ኧረ ትንሽ ራሴን አሞኝ ነው።»

«በይ ብዪ፤ የዓሣ ፓይ ነው። እና ደግሞ ወሬ አለኝ።» ሳትጋበዝ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ዊልፍ ቄሱን ለምኖት እሺ ብሏል። ጊዜዬ ሲደርስ ከሌጌቶቹ ጋር ነው የምቀበረው። ስሜ ከስማቸው ሥር ይቀረጻል! እኔ እኮ የት እንደምቀበር አስቤ አላውቅም ነበር፣ ኤኒድ። ማዘጋጃ ቤት የሆነ ቦታ ይጥለኛል ብዬ ነው የኖርኩት።» እጇን ዘርግታ የኤኒድን እጅ ያዘች። «አንቺ ባትኖሪ ኖሮ።»

ኤኒድ እጇን ልታስለቅቅ ፈልጋ አቃታት። «ሻይ ልጣድልሽ» ብላ ተነሳች፤ ማንቆርቆሪያውን በውኃ ሞልታ፣ ረስታው ደግማ ሞላችው።

በማግስቱ ኖሪን ገበያ ስትሄድ ጠብቃ ዊልፍ ጓሮ ገባች። ባቄላው የሚጠመጠምበትን እንጨት በገመድ እያሰረ ነበር። ቆማ ነገረችው። ስለ እድፉ፣ ስላለፈችው ገጽ፣ ስለ ቄሱ ቆንጆ ጽሑፍ፣ ስለዘለለችው ካርድ፣ አንድም ሳታስቀር። ዊልፍ ገመዱን እንደያዘ በተደፋ ባልዲ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምንድን ነው የነገርሽኝ?»

«ማወቅ ስላለብህ ነው፣ ዊልፍ።»

«ልወቅ ብዬሻለሁ እኔ?» ድምፁን አላነሳም። «ከራስሽ ላይ ልታወርጂው ፈልገሽ እኔ ላይ ጫንሽው። አንቺ አሁን ቤትሽ ገብተሽ ትተኛለሽ። እኔ ግን ምሳ ላይ ፊት ለፊቷ ነው የምቀመጠው።»

ያለው እውነት ነበር።

«ለሷ እንዳትተነፍሺ» አለ። «ሰማሽኝ? ቃል ግቢልኝ።»

ቃል ገባች። ሆኖም ዊልፍ ማስመሰል የማይችል ሰው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተለወጠ። አልተቆጣትም፣ አላኮረፋትም፤ እንዲያውም ጨዋ ሆነባት። ጨው ስታቀብለው «አመሰግናለሁ፣ ኖሪን» ይላል። ካልሲውን ስታለብሰው «ይቅርታ፣ አስቸገርኩሽ» ይላል። ዘመዱ ያልሆነች ሴት እግሩን ስትነካው አፍሮ ነበር። እሷን ማጣቱም አስፈርቶታል። ሁለቱ ተደባልቀው ሰውየውን እንደ እንጨት አደረቁት። ኤኒድ በአጥሩ በኩል ጨዋታው ሲቀዘቅዝ፣ «የአጎቴ ልጅ» የሚለው ጥሪ እየራቀ ሲሄድ እየሰማች ቃሏን ጠበቀች።

አንድ ጠዋት ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ ኖሪን አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ሻንጣ ይዛ ቆማ አገኘቻት።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ግሪምስቢ። ጓደኛዬ ጋ ክፍል አለ።» ኖሪን መንገዱን ነበር የምታየው። «ሂጂ ሳልባል ልሂድ ብዬ ነው።»

«ማን ምን አለሽ?»

«ማንም ምንም። አመሰግናለሁ ሲለኝ ነው የገባኝ።» ሳቅ ለማለት ሞከረች። «ልጅ ሆኜ ሰዎች ቤታቸው ወስደው ይሞክሩኝ ነበር። ሊመልሱኝ ሲያስቡ ሁልጊዜ ጨዋ ይሆኑብኛል። እባክሽ፣ ይቅርታ፣ አመሰግናለሁ። ከዚያ ሻንጣዬን በሩ ጋ አገኘዋለሁ። አሁን ትልቅ ሰው ነኝ፤ ራሴ አስሬው ወጣሁ። የዓሣው ሽታ ሰልችቶት ይሆናል።»

ኤኒድ ቃሏን በላች። እዚያው ማቆሚያው ላይ ነገረቻት። ኖሪን ሳታቋርጣት ሰማቻት፤ ሻንጣዋን መሬት አስቀምጣ፣ መልሳ አነሳችው።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«በጸደይ።»

«ከዚያ በፊትስ? ያን ደብዳቤ ስትጽፊልኝ?»

«ገጹ እድፍ ነበረበት፣ በደንብ አይነበብም፣ ጆን ሊሆን...»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩሽ። ጠርጥረሽ ነበር ወይ?»

«ጠርጥሬ ነበር።»

ኖሪን ራሷን ነቀነቀች። «እኔ ደግሞ ሥራዬን ለቀቅኩ። ቤቴን ለቀቅኩ። ያን ሕፃን ቅድመ አያቴ ነው ብዬ ለሰው ሁሉ አወራሁ። አንቺ አሻንጉሊት የሌለው ሰው አየሽና አንዷን ከሱቅ አንስተሽ ሰጠሽው።»

«ኖሪን፣ እኔ...»

«አታልቅሺብኝ። ብታለቅሺ እኔ ነኝ የማባብልሽ፤ ያ ደግሞ አይገባሽም።»

አውቶቡሱ መጣ። ኖሪን ወጣች፤ ወዲያኛው ጎን ተቀመጠች፤ ዞራም አላየቻት።

ዊልፍ ኩሽና ውስጥ ነበር። ባዶውን መንጠቆ፣ የኖሪን ሽርጥ የሚንጠለጠልበትን፣ እያየ ተቀምጧል። ኤኒድ ከደጃፉ ላይ ሆና ሁሉንም ነገረችው። ይጮህብኛል ብላ ጠብቃ ነበር። «ኮቴን አምጪልኝ» ብቻ አለ።

እስከ ግሪምስቢ በመኪናዋ ወሰደችው። የኖሪን ጓደኛ ቤት ደረጃው ቀጭንና ቀጥ ያለ ነው። ኤኒድ ልትደግፈው ስትል በምርኩዙ መለሳት። «አንቺ እዚሁ ቆዪ።» አንድ እግር፣ ምርኩዝ፣ አንድ እግር፣ እያለ ወጣ። በሩ ሲከፈት ሰማች፤ ሲዘጋም ሰማች። ከዚያ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ የዝናቡን ውኃ መስታወቱ ላይ ሲወርድ አየች። ወጥታ ልታንኳኳ፣ ጥፋቱ የኔ ነው ብላ ልትጮህ ፈለገች። ግን እዚያም ክፍል ውስጥ የሷ ልመናና የሷ እንባ በሁለቱ መሀል ሊገባ መሆኑ ታወቃት። አልወጣችም።

ሲወርዱ ኖሪን ከፊት ሆና ክንዱን ይዛዋለች፤ እሱ ሻንጣውን ሊይዝ እየታገላት ነው። «ተው ትወድቃለህ፣ አንተ ደረቅ!» ስትል ኤኒድ ሰማች። ከኋላ ወንበር አጠገብ ላጠገብ ተቀመጡ። ኤኒድ መኪናዋን አስነሳች።

ምን ብሏት እንደመለሳት ኤኒድ እስከ ዛሬ አታውቅም። በሳምንቱ በአጥሩ ላይ ጠይቃው ነበር።

«ያ ያንቺ ጉዳይ አይደለም፣ ኤኒድ» አላት። ዳክዬዬ አላላትም።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ቤት ሄዳ የጆዛያን ካርድ በእጇ ሰጠችው። ሰውየው ደግ ነው፤ «ምንም አይደል፣ መስመር መዝለል የሁላችንም ነው» አላት። «አይደለም» አለችው። «አይቼው ነው የዘለልኩት።» ሰውየው ካርዱን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ወዲህ ኤኒድ የሰው ዘር መፈለግ አቆመች። ለኖሪን ግን በዊልፍ በኩል መልእክት ላከች፤ የሃርቢውን ጆዛያ፣ እውነተኛ ወገኖቿን፣ ከፈቀደች እፈልግላታለሁ ብላ። መልሱ «አልፈልግም፣ አመሰግናለሁ» የሚል ነበር። ኤኒድ ያ አመሰግናለሁ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች።

ዊልፍ ጊዜ ሲያልፍ ለዘብ አለላት። ሽንኩርት በአጥሩ ላይ ማቀበል ጀመረ። ቄሱም ጋ ሄዶ እውነቱን ነግሮት፣ ቄሱ «ታዲያ ቦታ ጠበበን?» ብሎ እንደሳቀ ራሱ አጫወታት። ኖሪን ግን መንገድ ላይ ስታገኛት ራሷን ነቅንቃ ታልፋለች። ከጎረቤቱ ቤት ሳቅ ይሰማል፣ ስድብ ይሰማል፣ የመጥበሻ ጩኸት ይሰማል። ኤኒድ ሬዲዮኗን ዝቅ አድርጋ ትሰማለች። እሁድ ምሳ ብቻዋን ትበላለች። ቅጣቴ ነው፣ ይገባኛል ትላለች፤ የሚገባት መሆኑ ግን አላቀለለላትም።

ዊልፍ ከዚያ በኋላ በሁለተኛው ክረምት ሳንባውን ታሞ ሞተ። አልጋው ላይ፣ በጠራራ ቀን፣ ኖሪን ፊቱን እያበሰችው። በማግስቱ ጠዋት የኤኒድ በር ተንኳኳ።

«ሞቱን ማስመዝገብ አለብኝ» አለች ኖሪን። ዓይኗ አብጧል። «አውቶቡሱ ዛሬ አይሠራም። ታደርሺኛለሽ?»

የወሳኝ ኩነት መዝጋቢዋ ቀጠን ያለች፣ ድምፅዋ የሚያባብል ወጣት ሴት ነበረች። ኤኒድ በሩ አጠገብ ልትቀር ስትል መዝጋቢዋ ወንበር አሳየቻትና ተቀመጠች። ስም ተጠየቀ፣ የትውልድ ቦታ ተጠየቀ፣ ሥራ ተጠየቀ። ኖሪን «ትራክተር ነጂ» አለች፤ «ጡረተኛ» ብላ ጨመረችበት።

«እርስዎስ ስምዎ?»

«ኖሪን ሌጌት።»

«አዎ፣ ሌጌት። ለሟቹ ዘመድ ነዎት ማለት ነው?»

ኤኒድ ወደ ኖሪን ዞረች። አዎ ብትል ማን ይጠይቃታል? ስሟ ሌጌት ነው፤ አገጯ ሌጌት ነው። ሀገሩ ሁሉ የአጎቱ ልጅ ናት ይላል። ከመቶ ዓመት በኋላ አንዲት እንደ ኤኒድ ያለች ሴት ይህን ወረቀት አግኝታ ደስ ይላታል።

«አይደለሁም» አለች ኖሪን። «ዝምድና የለንም።»

መዝጋቢዋ እስክሪብቶዋን አቆመች። «ዘመድ ላልሆነ ሰውም ቦታ አለን። ሲሞቱ አብረዋቸው ነበሩ?»

«ነበርኩ። ከሦስት ዓመት በፊት ጀምሮ ነበርኩ።»

«እንግዲያው 'ሲሞቱ አብራ የነበረች' ብዬ ነው የምጽፈው። ይስማማዎታል?»

ኖሪን ጥቂት አሰበችበት። «ይስማማኛል» አለች። ወረቀቱን ራሷ አነበበችው፣ ቀስ ብላ፣ ጣቷን ከእያንዳንዱ ቃል ሥር እያደረገች፤ ከዚያ ፈረመች።

ወደ መንደራቸው ሲመለሱ ኖሪን ከፊት ተቀመጠች። ኤኒድ ብዙ የምትለው ነበራት፤ ሁለት ዓመት ያህል ያዘጋጀችው ነገር አለ። አፏን ስትከፍት ኖሪን ቀደመቻት።

«ይቅር እንድልሽ ነው የምትፈልጊው፤ አውቃለሁ። ገና ነኝ። አንዳንድ ቀን ያልኩሽ ይመስለኛል፣ ከዚያ ያ ማቆሚያ ትዝ ይለኛል።»

«እሺ» አለች ኤኒድ።

ትንሽ ሄዱ። ሜዳው ውኃ ተኝቶበት ሰማዩን ይመስል ነበር።

«ዳቦ ቤቱ ጋ አቁሚልኝ» አለች ኖሪን። «ከቀብሩ በኋላ መንደሩ ሁሉ ቤታችን ነው የሚመጣው። ሳንድዊች የሚቆርጥ አንድ ሰው ይጎድለኛል።»

«እኔ እመጣለሁ።»

«በጊዜ ነይ እንግዲህ። ቢላዋም ይዘሽ ነይ፤ የሱ ሁሉ ዱልዱም ነው።»